ስለ ሒሳብ ጆርናልና ስለ ኢምፓክት ፋክተር የሚነገሩ ስህተቶች፣ እውነታውም

«ጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተሩ ስንት ነው?» ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማሳልፈው ሳምንት የለም። ኢምፓክት ፋክተር ማለት አንድ ጆርናል (የምርምር መጽሔት) ያወጣቸው ፔፐሮች፣ ማለትም የምርምር ጽሑፎች፣ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚነግር ቁጥር ነው። ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። ጠያቂው ፔፐሩ ስለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ምን ተረጋገጠ፣ ማረጋገጫው ልክ ነው ወይ፣ ለማን ይጠቅማል፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቁጥሩን ሲሰማ ደግሞ ፍርዱ ወዲያው ይመጣል፦ «አንድ ነጥብ ሁለት? በቃ? የእኛ እኮ ዘጠኝ ነው።»

የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም። እኛ ብሎክ መምህር ይበዛል። የፒኤችዲ ተማሪዎችና ለፕሮሞሽን ፔፐር የሚያዘጋጁ ወጣት መምህራን ላፕቶፓቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። ሁሉም ይዘው የሚመጡት ያንኑ የተሳሳተ ነገር ነው። ደጋግሞ ማስረዳት ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝን ሁሉ ይህን አንብብ እለዋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኢምፓክት ፋክተሩ ዝቅተኛ ከሆነ ጆርናሉ ደካማ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄኛው ነው። መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። አንድ ጆርናል በ2022 አርባ፣ በ2023 ደግሞ ስድሳ ፔፐር አወጣ እንበል። ድምሩ 100 ነው። በ2024 የወጡ ጽሑፎች እነዚህን መቶ ፔፐሮች 120 ጊዜ ከጠቀሷቸው የጆርናሉ የ2024 ኢምፓክት ፋክተር 1.2 ይሆናል። አለቀ። ሌላ ምስጢር የለውም። በ2021 የወጣ የዚያው ጆርናል ፔፐር በ2024 አምስት መቶ ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ሐሳቡን ያመጣው ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ነው፤ ከ1975 ጀምሮ ደግሞ የጆርናሎች ሪፖርት ሆኖ በየዓመቱ ይወጣል። ቁጥሩ የጆርናል ነው እንጂ የፔፐርም የሰውም መለኪያ አይደለም።

አሁን ይህን ስሌት ወደ ሒሳብ አምጡት። የሒሳብ ፔፐር አስገብታችሁ መልስ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ፤ ተቀባይነት እስኪያገኝ ዓመትና ከዚያም በላይ መጠበቅ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ደህና ሪቪወር (ገምጋሚ) ማረጋገጫውን መስመር በመስመር ያነባል። ከወጣ በኋላ ሌላው ሰው አንብቦ ይረዳው፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ የራሱን ቲዎረም ያረጋግጥ፣ ይጻፍ፣ እሱም በተራው ይገምገም። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ሁለቱ ዓመት ድሮ አልፏል። በ2008 ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረት ከሌሎች ሁለት ዓለም አቀፍ የሙያ ተቋማት ጋር ሆኖ ስለ ሳይቴሽን (የጥቅስ) ቁጥሮች ሪፖርት አውጥቶ ነበር። እዚያ ላይ እንደተገለጸው በሒሳብ ከሚደረጉ ጥቅሶች 90 በመቶ ያህሉ ከሁለት ዓመቱ ውጭ ይወድቃሉ። ማለትም በዚህ ቁጥር ሒሳብን የሚመዝን ሰው ከአሥሩ ዘጠኙን ጥሎ በአንዱ ነው የሚፈርደው።

በእንጦጦ ጥግ ባሕር ዛፍና ወይራ በአንድ ክረምት ተክሎ፣ በሁለተኛው ዓመት ቁመታቸውን ለክቶ ወይራው አይረባም የሚል ሰው ብታገኙ ምን ትሉታላችሁ? እኔም ያንኑ ነው የምለው።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ፣ በሒሳብ ዓለም ከላይ ከሚጠሩት ጆርናሎች አንዱ በ1884 የተመሠረተው «አናልስ ኦፍ ማቲማቲክስ» ነው። አንድሩ ዋይልስ የፌርማን የመጨረሻ ቲዎረም ያረጋገጠበት ሥራ በ1995 የወጣው እዚያ ነው። እዚያ አንድ ፔፐር ማውጣት ለአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ስም ነው። ኢምፓክት ፋክተሩ ግን አምስት አካባቢ ነው የሚዋልለው። የካንሰር ስታቲስቲክስ የሚያወጣ አንድ የሕክምና ጆርናል ደግሞ ከ200 በላይ አለው። ስለ ካንሰር የሚጽፍ ሰው ሁሉ መግቢያው ላይ ያንን ስታቲስቲክስ ስለሚጠቅስ ነው። ታዲያ የካንሰሩ ጆርናል ከአናልስ አርባ እጥፍ ይበልጣል ልንል ነው? ሁለቱን ማነጻጸሩ ራሱ ትርጉም የለውም።

ሌላም ልጨምር። ዮሐን ሬደን የሚባል ኦስትሪያዊ የሒሳብ ሊቅ በ1917 አንድ ፔፐር አሳተመ። ሐሳቡ አንድን ነገር በብዙ አቅጣጫ ከተለካ ድምሩ ተነስቶ መልሶ ስለመገንባት ነው። ዛሬ ሲቲ ስካን የሚሠራበት ሒሳብ ይሄው ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በሲቲ ስካን የታየው ግን በ1971 ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ልዩነት! የሁለት ዓመት መለኪያ ይህን በምን ዓይኑ ሊያየው ይችላል?

ይህን ሁሉ የምለው ጉዳት ሲያደርስ ስላየሁ ነው። ነምበር ቲዎሪ (የቁጥሮች ጥናት) የሚሠራ አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። ለፕሮሞሽን ያቀረበው ፔፐር ሁለት ዓመት የለፋበት ነው፤ ሪቪወሩ አራት ገጽ አስተያየት የጻፈበት፣ አንዷን ሌማ (ረዳት ቲዎረም) እንደገና ያሠራው ሥራ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጡ ሰዎች ነበሩና የጆርናሉን 0.7 አይተው ከሌላ መስክ ከመጣ 6 ነጥብ ጋር አስተያዩት። ፔፐሩን የከፈተው ሰው አልነበረም። ልጁ ከዚያ ወዲህ ቶሎ የሚወጣ ነገር ነው የሚፈልገው። አልፈርድበትም፤ ግን አንድ ነምበር ቲዎሪስት አጣን።

ኮሚቴ ላይ የምትቀመጡ ሰዎች፣ እባካችሁ የሒሳብ ፔፐር ሲመጣላችሁ ከሒሳብ ጋር ብቻ አወዳድሩ። የግድ ቁጥር ካስፈለጋችሁ የአሜሪካ ሒሳብ ማኅበር የራሱ መለኪያ አለው፤ ለሒሳብ ተብሎ የተዘጋጀና አምስት ዓመት የሚያይ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን መስኩን ለሚያውቅ ሁለት ሰው ልኮ ማስነበብ ነው።

«እሺ፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ግን በእርግጥ ጥሩ ነው»

ይሄም አይሠራም። ቁጥሩ አማካይ ነው፤ ጥቂት ፔፐሮች ብዙ ጊዜ ሲጠቀሱ የቀሩት አንዴም ላይጠቀሱ ይችላሉ። ያው የ2008ቱ ሪፖርት ጥሩ ምሳሌ አለው። የአሜሪካ ሒሳብ ማኅበር «ትራንዛክሽንስ» እና «ፕሮሲዲንግስ» የሚባሉ ሁለት ጆርናሎች አሉት። በወቅቱ የአንደኛው ኢምፓክት ፋክተር የሁለተኛውን እጥፍ ያህል ነበር። ነገር ግን ከሁለቱም አንድ አንድ ፔፐር በዕጣ ብታወጡ፣ የዝቅተኛው ጆርናል ፔፐር ከሌላው እኩል ወይም በላይ የመጠቀስ ዕድሉ 62 በመቶ ነው። በእጥፍ ይበልጣል የተባለውን መርጦ የሚፈርድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳታል ማለት ነው።

በዚያ ላይ ቁጥሩ ሆን ተብሎ ይነፋል። ዳግላስ አርኖልድና ክሪስቲን ፋውለር በ2011 ባወጡት ጽሑፍ፣ በተግባራዊ ሒሳብ ዘርፍ ለተከታታይ ዓመታት አንደኛ ሲባል የነበረን ጆርናል መረመሩ። ጆርናሉን በብዛት ሲጠቅሱ የተገኙት የራሱ ዋና ኤዲተርና የቦርድ አባላቱ ናቸው። የሚጠቅሱትም በተለይ በሁለቱ ዓመት ውስጥ የወጡትን ነበር። ኢምፓክት ፋክተርን የሚያወጣው ክላሪቬት የተባለው ድርጅት ራሱ በ2023 ሒሳብን ብዙ የተጠቀሱ ተመራማሪዎች ከሚባለው ዝርዝሩ አወጣው፤ ዘርፉ ትንሽ ስለሆነ በመጠቃቀስ ቁጥሩን ማዛባት ቀላል ሆኖ ስለተገኘ ነው።

«ኪው ዋን ከሆነ አለቀ»

ኪው ዋን ማለት በምድቡ ካሉት ጆርናሎች በደረጃ የመጀመሪያው ሩብ ውስጥ ያለ ማለት ነው። ግን የትኛው ዝርዝር ላይ? በየትኛው ምድብ? ስኮፐስ በሚባለው የጽሑፎች ማውጫ መረጃ ላይ በሚሠራው ደረጃ ኪው ዋን የሆነ ጆርናል በክላሪቬት ዝርዝር ሦስተኛ እርከን ላይ ሊሆን ይችላል።

«ሳይከፍሉ ማሳተም የለም»

ይሄ ውሸት ገንዘብ ያስወጣል። ከአንድ ዓመት በፊት አንድ ወጣት መምህር የደረሰውን ኢሜይል አሳየኝ። «ክቡር ፕሮፌሰር ሆይ፣ ድንቅ ሥራዎን አንብበን ተደንቀናል» ይላል። ልጁ ገና ማስተርሱን መጨረሱ ነው። በአምስት ቀን ውስጥ ተቀባይነት እንደሚያገኝ ቃል ይገባል፣ ክፍያው በዶላር። የዕቁብ ብሩን ለዚህ አውሎ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍልለት አደረገ። የሪቪወሩ አስተያየት ሁለት መስመር ነበር፦ እንግሊዝኛው ይስተካከል፣ ሦስት ተጨማሪ ማጣቀሻ ይግባ። ሦስቱም ማጣቀሻዎች ከዚያው ጆርናል ናቸው። ስለ ማረጋገጫው አንዲት ጥያቄ የለም። ብዙ ሳይቆይ ጆርናሉ ከኢንዴክስ (ዕውቅና ካላቸው ጆርናሎች ማውጫ) ወጣ፤ ፔፐሩም ለፕሮሞሽን ሳይቆጠርለት ቀረ።

ስሙኝ፤ በሒሳብ የታወቁት ጆርናሎች አብዛኞቹ ከጸሐፊው ሳንቲም አይጠይቁም። አናልስ አያስከፍልም። ከጸሐፊም ከአንባቢም የማያስከፍሉም አሉ፤ ከ1994 ጀምሮ ያለው የኮምቢናቶሪክስ ኤሌክትሮኒክ ጆርናል፣ ከ1996 ጀምሮ ያለው «ዶኩሜንታ ማቲማቲካ» እንዲህ ናቸው። ፔፐር ከመላካችሁ በፊት ዜድቢማዝ የሚባለውን የሒሳብ ጽሑፎች ማውጫ ክፈቱ፤ ከ2021 ወዲህ በነፃ ነው፣ በሞባይል ዳታም ይከፈታል። ጆርናሉ እዚያ አለ ወይ? በቅርብ ዓመታት ማን ማን ጻፈበት? አማካሪያችሁ ከኤዲተሮቹ አንዱን እንኳ በሥራው ያውቀዋል? አያውቅም ካላችሁ አትላኩ። በአምስት ቀን አረጋግጣለሁ የሚላችሁ ደግሞ አላነበበውም። ይታንግ ዣንግ በ2013 ስለ ፕራይም ቁጥሮች ርቀት የላከውን ፔፐር አናልስ በሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀበለው ከውጤቱ ሌላ ፍጥነቱም መነጋገሪያ የሆነው እንዲህ ያለ ፍጥነት ስለማይታወቅ ነው።

«የጥናት አዝማሚያው ይህ ነው፣ ካርታው ያሳያል»

ተማሪዎች የአንድን ጆርናል የሃያ ዓመት መረጃ አውርደው ቪኦኤስቪወር የሚባል ካርታ የሚሠራ ሶፍትዌር ላይ ይጭኑና ባለ ቀለም የቃላት ካርታ ይዘው ይመጣሉ። ትልቁ ክብ «ፍራክሽናል» የሚል የአንድ ዘርፍ ቃል ነው፤ ስለዚህ የፒኤችዲ ርዕሴ እሱ ይሁን ይላሉ። ካርታው የሚያሳየው ስለምን ብዙ እንደተጻፈ ነው፤ ምን ያልተፈታ ጥያቄ እንዳለ አያሳይም። ብዙ ሰው ያለበትና አጫጭር ፔፐር የሚወጣበት ዘርፍ እርስ በርሱ ስለሚጠቃቀስ ክቡ ይተልቃል። የሒሳብ ዘርፎች መመደቢያ የሆነው የ2020 ዝርዝር 63 ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ካርታው ላይ ነጥብ ያህል ናቸው፣ ውስጣቸው ግን የዕድሜ ልክ ሥራ አለ። ርዕስ የምትመርጡት በአማካሪያችሁ ሙያና በራሳችሁ መሠረት ነው። አልጀብራ የወደደችን ልጅ በካርታ ምክንያት ወደ ሌላ ዘርፍ መግፋት ኃጢአት ነው የምለው።

«የመጀመሪያው ደራሲ ነው ዋናው»

በሒሳብ ስም የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው። የአሜሪካ ሒሳብ ማኅበር ይህንኑ በ2004 በጽሑፍ አስቀምጦታል። አባቱ ዘውዴ የሚባል ልጅ በላቲን ፊደል ሁሌም መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ እሱን «ረዳት ነበር» ብሎ ነጥብ መቀነስ ግፍ ነው። ስም ካነሳን አይቀር፣ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም እየጨመራችሁ አትጻፉ፤ የውጭ ማውጫዎች ሁለት ሰው ያደርጓችኋል፣ ሳይቴሽናችሁም ይከፈላል። አንድ አጻጻፍ ያዙ፣ ኦርኪድ መለያ ቁጥርም አውጡ፣ ነፃ ነው።

«የሀገር ውስጥ ጆርናል አይረባም»

«ሲኔት» የተባለው የሳይንስ ጆርናል ከ1978 ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይታተማል። የሀገራችን ጆርናሎች ዋናው ችግር አንባቢ አለማግኘታቸው ነው፤ እኛው ራሳችን የማንጠቅሰው ሥራ በማን ይጠቀስ?

«አርካይቭ ላይ ካስቀመጥኩት ይሰርቁኛል»

ተቃራኒው ነው። አርካይቭ ከ1991 ጀምሮ ያለ ነፃ የፔፐር ማኖሪያ ድረ ገጽ ነው፤ የጫናችሁበት ቀን ለዘለቄታው ስለሚመዘገብ ማን እንደቀደመ ይታወቃል። ግሪጎሪ ፔሬልማን የፖይንካሬን ግምት ያረጋገጠባቸውን ፔፐሮች በ2002 እና በ2003 እዚያ አስቀመጠ፣ ወደ ጆርናል አልላካቸውም። ባለሙያዎች ለዓመታት መስመር በመስመር መረመሩት፤ በ2006 ትልቁ የሒሳብ ሽልማት የሚባለው የፊልድስ ሜዳሊያ ተሰጠው፣ እሱ አልቀበልም ቢልም። ኢምፓክት ፋክተሩን የጠየቀው አልነበረም። እናንተ ግን ወደ ጆርናልም ላኩ፤ አብዛኞቹ የሒሳብ ጆርናሎች ቀድሞ አርካይቭ ላይ መውጣቱን አይቃወሙም፣ ቢሆንም የጆርናሉን ደንብ አንብቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጭኑ በዘርፉ ቀድሞ የጻፈ ሰው ድጋፍ ሊጠየቅ ይችላል፤ አማካሪያችሁን ጠይቁት፣ እሱ ከሌለው ደግሞ ፔፐሩን ከጠቀሳችሁት ሰው ለአንዱ አጭርና ትሁት ኢሜይል ጻፉ።