ስሙ ማን ነው?

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታዳጊዎችን አስተምራለሁ። በቅርቡ «ኦቲዝም ስላለበት ልጅና ስለ ጓደኛው አጭር ልብ ወለድ ጻፉ» አልኳቸው። አንዷ ተማሪዬ ጥሩ አድርጋ ጽፋለች። ልጁ ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል። ሰው ዓይን ዓይኑን ሲያየው ፊቱን ያዞራል። የሰማውን ቃል ደጋግሞ ይላል። መጨረሻ ላይ ወጣቶቹ ከበው ይጸልዩለትና እንደነሱ ማውራት ይጀምራል። ክፍሉ አጨበጨበ።

«ስሙ ማን ነው?» አልኳት። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ስም አላወጣችለትም።

እሷን አልወቅስም፤ እኛም «የእከሊት በሽተኛ ልጅ» እያልን ነው የምንጠራው። ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9ን አብረን ገለጥን። ዳዊት ስለ ወዳጁ ስለ ዮናታን ብሎ ቸርነት የሚያደርግለት ሰው ከሳኦል ቤት ይፈልጋል። የሳኦል ቤት አገልጋይ የነበረው ሲባ «አንድ የዮናታን ልጅ አለ፤ እግሩ ሽባ ነው» አለው። ጉዳቱን ተናገረ፣ ስሙን ግን አልጠራም። ሰውየው መጥቶ በግንባሩ ሲደፋ ንጉሡ መጀመሪያ ያለው «ሜምፊቦስቴ» ነው። ቀጥሎ «አትፍራ» አለው።

ምዕራፉ እንዴት እንደሚያልቅም እዩልኝ። ሜምፊቦስቴ ሁልጊዜ ከንጉሥ ገበታ ይበላል። እግሩ ግን አሁንም ሽባ ነው! ጌታ እንደሚፈውስ ከልቤ አምናለሁ። ዳዊት ግን እግሩ እስኪድን ድረስ ወንበሩን አልከለከለውም።

ሽባነትና ኦቲዝም አንድ አይደሉም። ኦቲዝም ከአእምሮ አፈጣጠርና እድገት ጋር የተያያዘ ነው። እርግማን አይደለም፣ የእናት ኃጢአትም አይደለም። ስለ ዕውሩ ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲባል ጌታ ምን እንደመለሰ ዮሐንስ 9 ላይ አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ስንት እናት በዚህ ሐሜት ምክንያት ልጇን ቤት ዘግታበት ነበር። እንዲህ ያለች እናት ዛሬም አለች። ምናልባት አጠገባችሁ ትዘምር ይሆናል።

ተማሪዬ ታሪኩን እንደገና ጻፈችው። ልጁ አሁን ናታን ይባላል። የአንበሳ አውቶቡስ ቁጥሮችን በቃሉ ያውቃል። የድምፅ ማጉያው ሲበዛበት ወደ በረንዳ ይወጣል። ጓደኛውም ተከትሎት ይወጣና ደረጃው ላይ አጠገቡ ይቀመጣል። ትንሽ ዝም ይልና ይጠይቀዋል፦

«ናቲ፣ ወደ መርካቶ የሚሄደው ስንት ቁጥር ነው?»