የፍራፍሬ ዝንብ ማንጎው ላይ ምን ፈልጋ ነው?

በድሬዳዋ ሙቀት ከቀፊራ ገበያ የተገዛ ማንጎ ቶሎ ይበስላል። ወዲያው እነዚያ ቀይ ዓይን ያላቸው ጥቃቅን ዝንቦች ከች ይላሉ። ብዙ ሰው ስኳሩ የጠራቸው ይመስለዋል። በዋናነት የሚስባቸው ግን እርሾ ነው። ፍሬው መብላላት ሲጀምር የሚወጣውን የኮምጣጤና የአልኮል ሽታ ከሩቅ ይለዩታል።

ሲያርፉ ደግሞ በእግራቸው ይቀምሳሉ። አዎ፣ በእግራቸው! ከጣፈጣቸው አፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ከመረራቸው ትተው ይሄዳሉ። ምርጫቸውም እንደ ሰውነታቸው ፍላጎት ይለዋወጣል። ከወንድ ጋር የተገናኘች ሴት ለእንቁላሏ ፕሮቲን ስለሚያስፈልጋት ወደ እርሾው ታደላለች። አንዳንድ ሻጋታና ባክቴሪያ የሚያወጣው የእርጥብ አፈር ሽታ ከመጣባት ግን እዚያ አትበላም፣ እንቁላልም አትጥልም። ጎጂ ምግብ መሆኑን የምታውቀው በዚያ ነው።

ይህ ለሳይንስ ትልቅ ጥቅም አለው። አንጎል ረሃብንና ጣዕምን እንዴት እንደሚያገናኝ በዚህች ትንሽ ፍጥረት ማጥናት ይቀላል። የ2017ቱ የሕክምና ኖቤል ሽልማት የሄደው የሰውነትን ሰዓት አሠራር በዚህችው ዝንብ ላጠኑ ሦስት ተመራማሪዎች ነው።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። ማንጎ ሲቆረጥ ውስጡ የሚገኘው ትል አብዛኛውን ጊዜ የእሷ አይደለም። እሱ የሌላ፣ ተለቅ ያለች ዝንብ ልጅ ነው። ያቺኛዋ ፍሬው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ቆዳውን በስታ እንቁላሏን ትቀብራለች። ገበሬውን የምታከስረውም እሷው ናት፤ ስማቸው አንድ መሆኑ ነው ጣጣው። ለማጀቷ ትንሿ ዝንብ ብርጭቆ ውስጥ ኮምጣጤና አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ማስቀመጥ ይበቃል። ሽታው ይጠራታል፣ ሳሙናው ያሰምጣታል።