ቡና በጆሮም ይቆላል

ቡና ማፍላት ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫና ምላስ የሚተባበሩበት ሥራ ነው። ከየቤቱ የማይጠፉት የተሳሳቱ አባባሎች አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ከማመን ይመጣሉ።

«መቆላቱ በቀለሙ ይታወቃል።» ቀለም ብቻውን ያሳስታል። ምጣዱ መሃሉ ላይ ስለሚግል አንዳንዱ ፍሬ ቀድሞ ይጠቁራል፤ የአምፖል ብርሃን ደግሞ ቡናማውንና ጥቁሩን ያምታታል። ጆሮ ግን ይለየዋል። ፍሬው ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ውስጡ የታፈነው እንፋሎትና ጋዝ ያፈነዳዋል፤ እንደ ፈንድሻ ጣ ጣ ይላል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ፍሬ፣ ቀጥሎ ተከታትሎ፣ ከዚያ ጸጥ። ጸጥ ሲል መካከለኛ ቁላት ላይ ደርሷል። እሳት ላይ ከቆየ ሁለተኛው መንጣጣት ይመጣል፤ ይኼኛው ቀጠን ያለ፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ነው። ፍሬው ዘይት አውጥቶ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ ካለፈ የሚጠጣው ቃጠሎው ነው። ድምፁን ለመስማት ማማሰያውን ለአፍታ ገታ ማድረግ ነው። ጭራሽ ካልተንጣጣ እሳቱ ደክሟል ወይም ምጣዱ ከመጠን በላይ ሞልቷል። ብረት ምጣድ ወርዶም መቁላቱን አያቆምም፤ ወዲያው ሰፌድ ላይ ገልብጦ ማራገብ ያስፈልጋል።

«የጠቆረ ቡና ኃይለኛ ነው።» የሚበረታው ምሬቱ ነው፤ ካፌይኑ በመጥቆር አይጨምርም።

«ዕጣኑ ቀድሞ ይጨስ።» ያኔ ማረር መጀመሩን ማን ያሸታል? አፍንጫ የቆየበትን ሽታ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለምድ የምትቆላው ሴት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምታውቀው። ከውጭ የገባ ሰው «አረረ እንዴ?» ካለ ይታመን። ዕጣኑ ቡናው ከምጣድ ከወረደ በኋላ ይድረስ።

«ጣዕም የምላስ ጉዳይ ነው።» አፍንጫን ይዞ አንዴ ፉት ማለት ይበቃል፦ መራራና ኮምጣጣ ነገር ብቻ ይቀራል። ጣት ሲለቀቅ ቡናነቱ ይመለሳል፤ መዓዛው ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ስለሚወጣ ነው። ጉንፋን የያዘው እንግዳ «ቀጠነ» ቢል አፍይዋ አትቀየመው።

«ካላቃጠለ ቡና አይደለም።» የሚፋጅ ቡና ምላስን ያደነዝዛል። አቦሉ ሲኒ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ቢቆይ፣ ትኩስ ሳለ ያልተለየው ኮምጣጣነትና ጣፋጭነት ራሱን ይገልጣል። ጨው የሚጨምሩም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቁንጥር ጨው የምላስን የምሬት ስሜት ይቀንሳል።