የጽጌረዳ በሽታዎች በደሴና በኮምቦልቻ ጓሮዎች

ጽጌረዳ አንዴ ከተተከለ ለብዙ ዓመታት የሚያብብ ቁጥቋጦ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። የደሴ ቅዝቃዜ የአበባውን ቀለም ያደምቀዋል፤ ጦሳ ተራራ ሥር የሚተኛው ጉምና የክረምቱ ዝናብ ግን ቅጠሉን ለረጅም ሰዓት እርጥብ ያደርጉታል።

ክረምት የሚመቸው ጥቁር ነጠብጣብ የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው። በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ላይ ከ2 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ ጠርዙ የተንጨፈረረ ጥቁር ክብ ይወጣል፤ ዙሪያው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል። ተክሉ ከታች ወደ ላይ ይራቆታል። ፈንገሱ ለመብቀል ቅጠሉ 7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ጠዋት፣ ያውም ከሥር ብቻ ይጠጣ። የረገፈው ቅጠል ተለቅሞ ይቃጠል። የጓሮ ኮምፖስት በቂ ሙቀት ስለማይፈጥር እዚያ መጣል አይገባም። ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ፣ ግንዱን ሳይነካ፣ መሬቱ ላይ ይደረጋል፤ ዝናቡ ፈንገሱን ከአፈር ወደ ቅጠል እንዳይረጨው ይከላከላል። ማንኮዜብ የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት የሚጠቅመው ሳይታመም ሲረጭ ነው፤ መጠኑ በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ሆኖ የቅጠሉም ጀርባ መድረስ አለበት።

ብዙዎች ከጥቁር ነጠብጣብ ጋር የሚያምታቱት ዳውኒ የተባለውን በሽታ ነው። ዳውኒ የሚጀምረው ከላይ ካለው ለጋ ቅጠል ነው፤ ነጥቡ ወይን ጠጅ፣ በቅጠሉ ጅማቶች የታጠረና ማዕዘናም ነው፤ ቅጠሉም ገና አረንጓዴ ሳለ ሲነካ ይረግፋል። ከ27 ዲግሪ በላይ ስለማይበቅል የደሴ አየር ከኮምቦልቻው ይልቅ ይስማማዋል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ቀኑ ሲሞቅ፣ ተራው ፓውደሪ የተባለው በሽታ ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ለጋውን ቅጠል ያጠቀልላል፣ እምቡጡንም ያበላሻል። እንደ ሌሎቹ ቅጠል ላይ የተኛ ውሃ አያስፈልገውም። በ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ከጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጋር መርጨት የተለመደ ነው፤ ለመከላከል ሊያግዝ ይችላል፣ የተስፋፋውን ማዳኑ ግን ያጠራጥራል። ሲደጋገም ሶዲየሙ አፈር ውስጥ ይጠራቀማል። ድኝ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ቅጠል ስለሚያቃጥል በኮምቦልቻ ማለዳ ብቻ ይረጭ።

ዋግ በቅጠሉ ጀርባ ባለው ብርቱካንማ ብናኝ ይታወቃል።

ከግንዱ ሥር ሻካራ እብጠት ካለ በቁስል የገባ ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒት ስለሌለው ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲታለፍ መቀሱ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይነከር፤ ሥራው ሲያልቅ ታጥቦ ዘይት ካልተቀባ በረኪናው ብረቱን ያዝገዋል።