ለቀባሪው አረዱት፦ መርዶ የማይነገረው ሰው

ከመርካቶ ፒያሳ ስንት ሺህ ጊዜ ለተመላለሰ የታክሲ ሾፌር «በዚህ ብትታጠፍ እኮ ይቀርባል» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ «ለቀባሪው አረዱት!» ይላል፤ ተሳፋሪውም ነገሩ ከገባው ዝም ይላል። ቢሮ ውስጥም እንዲሁ ነው። ሪፖርቱን አምሽታ የጻፈችውን ልጅ አስጠርቶ ሪፖርቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚተርክላት አለቃ ዞር ሲል፣ ባልደረቦቿ ተያይተው ይህንኑ ተረት ይጠሩታል። በቦታው ለዋለ፣ ነገሩን በእጁ ለሠራ ሰው ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ወሬ የሚያመጣ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት ይወቀሳል።

ብዙ ጊዜ «ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ከሚለው ጋር አንድ አድርገን እንጠቀምበታለን። ቅርብ ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። የምጡ ተረት የሚነቅፈው ታናሽ ታላቅን ላስተምር ማለቱን ነው፤ ነውሩ ድፍረት ነው። በቀባሪው ተረት ውስጥ ታላቅና ታናሽ የለም። ያለው፣ የነበረና ያልነበረ ነው። አንዱ አስከሬን ተሸክሟል፣ አፈር መልሷል፣ እጁን ታጥቦ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ሌላው ዘግይቶ ይመጣና «እገሌ እኮ አረፈ፤ አልሰማህም?» ይለዋል።

«አረዱት» የምትለዋ ቃል ወጣቶችን ስታሳስት አይቻለሁ። በጽሑፍ አንድ የሚመስሉ ሁለት ግሦች አሉ። «ረ» ጠብቆ ሲነበብ በግና ዶሮ የምናርድበት አረደ ነው። «ረ» ላልቶ «ዱ» ሲጠብቅ ግን አረዳ ነው፤ መርዶ ነገረ ማለት ነው። ተረቱ የሁለተኛው ነው። ቀባሪውን ማንም በቢላ አልነካውም። በመጀመሪያው ቃል ላይ ያለችው «ለ»ም ይህንኑ ትመሰክራለች፤ «በጉን አረዱት» እንላለን እንጂ «ለበጉ አረዱት» አንልም።

አረዳ፣ ተረዳ፣ አስረዳ፣ መርዶ ዘመዳሞች ናቸው። ትግርኛም መርዶን «መርድእ» ይለዋል፤ ሥሩ አንድ ነው። ታላላቆቻችን «የወንድሟን ሞት ተረዳች» ሲሉ መርዶ ተነገራት ማለታቸው ነው፤ ዛሬ «ሐሳብህን ተረዳሁት» የምንለውም ያው ቃል ነው። ይህ ዝምድና ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። ማርዳት ማለት ወሬ ጆሮ ላይ ጥሎ መሄድ አይደለም። ሰውየው ሊያምነው የማይፈልገውን ነገር እስኪያምን አብሮት መቆም ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ስለሆነም ነው ሥርዓት የተበጀለት፤ ተረቱም የተወለደው ከዚሁ ሥርዓት ነው።

መርዶ የሩቅ ሰው ድርሻ ነው። እናቱ ጎጃም አርፋ አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ፣ ወንድሟ በረሃ ቀርቶ ጎንደር የምትጠብቅ እህት መርዶ ይነገራቸዋል። ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለጎረቤቱ ወይም ለቅርብ ወዳጁ ነው። እነሱ ማታውኑ በምስጢር ይመካከራሉ፤ ከዘመድ ማን እንዳለ ያጣራሉ፤ ለንስሐ አባቱ ይነግራሉ፤ ለእድሩ ያሳውቃሉ። ማታ አይነገርም። ሰው ሌሊቱን ከዚያ ወሬ ጋር ብቻውን ማደር የለበትም። ገበታ ላይ ሳለም አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ተነሥቶ ሊሰበሰብ በሚችልበት ሰዓት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ተያይዘው በሩን ያንኳኳሉ። አገሩን የሚያውቅ ሐዘንተኛ በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጁ ላይ ሲያይ መርዶው ግማሹ ተነግሮታል።

«ሞተ» የሚለው ቃል ከአፍ አይወጣም። «አረፉ» ይባላል፤ «ተለዩን» ይባላል። አንዳንዴ ምንም ሳይባል ልቅሶው ይጀመራል። ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጎዳ፣ ከግድግዳ እንዳይጋጭ፣ ጠንካራ ሰዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ታማሚ፣ ነፍሰ ጡር፣ አራስ ከሆነች ቀኑ ይገፋል። ፈተና ላይ ላለ ተማሪም ይገፋል።

እዚህ ላይ አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። «ልጁ እንዳይደነግጥ» ተብሎ ቀብሩ ካለፈ በኋላ የሚነገር መርዶ አለ። መድረስ የሚችልን ሰው እንዳይደርስ ማድረግ ርኅራኄ መስሎ የሚፈጸም በደል ነው። ቀባሪ መሆን የልጅ መብት ነው። ወላጆች ልጅን «ጧሪ ቀባሪዬ» ይሉታል፤ ለዚያ ቀን ያሳደጉት ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ተነሥቶ በማግስቱ ሊደርስ የሚችል ሰው አባቱን የመቅበር ዕድሉን ወዳጆቹ በዝምታ ሲወስዱበት፣ ያ ቁጭት ከሐዘኑ በላይ ዓመታት ይቆያል። መርዶውን ለነገው ጎህ ማሳደር ደግነት ነው። ከቀብር በኋላ ማዋል ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ሐረጉ ለምን እንደሚያሳፍር ከዚህ ይታያል። መርዶና ቀባሪ በሥርዓቱ አይገናኙም። መርዶ ያልነበረ ሰው የሚካፈልበት መንገድ ነው፤ ቀባሪው ግን ሁሉን አይቷል። ሌሊት ሻማ ይዞ ያመሸው፣ የገነዘው፣ በእድሩ ጥሩምባ ድምፅ ጎረቤቱን የሰበሰበው፣ ፍትሐቱን ቆሞ የሰማው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመው እሱ ነው። ለዚህ ሰው መርዶ ይዞ መምጣት ሦስት ነገር ያጋልጣል፦ እንዳልነበርክ፣ ማን እንደነበረ እንዳልጠየቅህ፣ ያንን ሁሉ ሥርዓት ሳታውቅ አፍህን እንደከፈትክ። በቀላል ጨዋታ የምንጠቀምበት ተረት ይህን ያህል ክብደት ተሸክሟል።

ከዕለት ጨዋታው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ተረቱ በተወለደበት ቤት፣ በልቅሶ ቤት፣ በየቀኑ መጣሱ ነው። ለቀባሪ የሚያረዱ ሰዎች ድንኳኑን ሞልተውታል።

አባቴ ያረፈ ጊዜ አንድ የሩቅ ዘመድ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ስኳር በሽታ ግማሽ ሰዓት አስተማረኝ። የቱ ሐኪም ቢታይ ይሻል እንደነበር፣ ምን ባይበላ ኖሮ እንደሚድን ነገረኝ። ስድስት ዓመት መድኃኒቱን በሰዓቱ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ክፋት አልነበረውም፤ ዝምታው ከብዶት ነው። ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገሩ እኔ ያላደረግሁት ነገር እንዳለ የሚናገር ሆኖ ተሰማኝ፤ ለሳምንታትም ከውስጤ አልወጣም።

«እንዴት ሞተ? ምን አሞት ነበር? መቼ ጀመረው?» ብሎ መጠየቅም ያው ነው፤ ሐዘንተኛውን በመጣው ሰው ቁጥር ልክ ደጋግሞ እንዲያረዳ ማስገደድ ነው። ጨዋ ለቀስተኛ ዝርዝሩን ከፈለገ ውጭ ድንኳን ካሉት ጎረቤቶች ቀስ ብሎ ይጠይቃል። «ዕድሜ ጠግበዋል፣ ምን ይደረጋል» ማለትም አለ። የዘጠና ዓመት እናቱን የቀበረ ሰው ዕድሜዋን ያውቀዋል። «እኔም ባለፈው ዓመት...» ብሎ የራስን ሐዘን መተረክ ደግሞ ሰውየው ባለቀሰበት ቤት ሌላ መርዶ መጨመር ነው።

ታዲያ ምን ይባላል? ቋንቋችን መልሱን አስቀምጦታል። ልቅሶ «እንደርሳለን» እንላለን። ግሡ መድረስ ነው፤ መናገር አይደለም። የደረሰ ሰው ግዴታውን ፈጽሟል። ሲገባ እንደ አዘቦቱ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ አይዞርም፤ ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ ባገኘው ቦታ ይቀመጣል። ዝም ይላል። ንፍሮ ቢመጣ ይቆነጥራል። ሐዘንተኛው ራሱ ስለ ሟቹ ማውራት ከፈለገ ያዳምጣል፤ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ዝም ብሎ የሚሰማ ጆሮ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ሲወጣ ተነሥቶ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላል፤ ለብቻው ከሆነ «ያጥናህ»፣ «ያጥናሽ»፣ ለትልቅ ሰው «ያጥናዎት»። ማጽናት ማለት እንዳይወድቅ ማቆም ነው። ምን እንደደረሰበት አይነግረውም፤ እንዲችለው ይመኝለታል። ለሟቹ «ነፍስ ይማር» ይላል። ሙስሊም ጎረቤት ዘንድ «አላህ ይርሐመው» ይባላል፤ ቀብሩ እዚያ በዕለቱ ስለሚፈጸም የሰማ ሰው ቶሎ መነሣት አለበት። ወሎ ውስጥ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ሳይለዩ የሚቀባበሩ መንደሮች ይህን ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል።

ዕለቱን ያልደረሰ በሣልስቱ ይመጣል፤ በሰባቱ፣ በአርባው፣ በሰማንያውም ይመጣል። መንገድ ላይ አግኝቶ «ሰማሁ፣ አዝናለሁ» ብሎ ማለፍ ልቅሶ መድረስ አይደለም፤ ቤት ድረስ ይኬዳል። ወር ቢያልፍም ይኬዳል፤ ያፈረ እግር ከቀረ እግር ይሻላል።

ስልክ ይህን ሁሉ አናግቶታል። ዛሬ አንድ ሰው ካረፈ ሰዓት ሳይሞላው ፎቶው ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ ልጁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ላይ ሆኖ መርዶውን በማይታወቅ ሰው እጅ ይረዳል። በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ሥርዓቱን ለማዳን የሚያደርጉትን ጥረት አደንቃለሁ። መርዶውን የሰሙ ጓደኞች ሌሎቹን በስልክ «እንዳትለጥፉ» ብለው ይማጠናሉ፤ ንጋት ላይ ሥራ ከመግባታቸው በፊት አፓርታማው በር ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሻይና ምግብ ይዘው ይገባሉ። ሪያድ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ግን ይህም የላትም። መርዶዋ በድምፅ መልእክት ይመጣል፤ ሳህን እያጠበች ትሰማዋለች፤ ማልቀስ የምትችለው ማታ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው። ስለዚህ እናንተ ዘመድ የሆናችሁ ሰዎች፣ ከመደወላችሁ በፊት እዚያው ከተማ ያለች አንዲት የአገሯን ልጅ ፈልጉላት። አብራት እንድትሆን፣ ቢያንስ የምትደውልላት እንድትኖር።

መርዶ ብቻ የቀረላቸውም አሉ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ልጆቻቸው የወደቁባቸው የትግራይ ቤተሰቦች መርዶአቸውን በይፋ የሰሙት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው፤ የሦስት ቀን ሐዘንም ታውጆ ነበር። እዚያ ቀባሪ አልነበረም። አስከሬን አልመጣም። በየቤቱ ፎቶ ተቀምጦ ተለቀሰ።

የሰፈራችን አንዲት ልጅ ከዓረብ አገር የተመለሰችው አባቷ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጃቸው ቆመ፤ ልቅሶው እንደ ትናንት ሞት አዲስ ሆነ። እናትየው ቀብራለች፣ ሙት ዓመቱን አውጥታለች፤ ግን ከልጇ ጋር እንደገና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «እኔ እኮ ጨርሻለሁ» አላለችም። ፀሐይ ስትወጣ ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። እናት መቃብሩን በእጇ አሳየቻትና ትንሽ ወደኋላ ራቅ ብላ ቆመች።