«ዓይኗ አይስቅም»፦ ስለ ፈገግታ የምንሳሳተው

ባለፈው ሳምንት ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ስለ አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ያወራሉ። «ስትስቅ ዓይኗን አይተኸዋል? አይስቅም። ከአንገት በላይ ናት» አለ አንዱ። ሌላው «ሳይንሱም የሚለው ይሄንኑ ነው» ብሎ አጸደቀለት። ምንም ሳልላቸው መውረጃዬ ደረሰ። ያን ቀን ልላቸው የፈለግኩትን እዚህ ልጻፈው።

ቱሉ ዲምቱ ባለች አንዲት ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ የማየው አፍ ነው። ስለ ፈገግታ የሚወራውን ሁሉ እሰማለሁ። አብዛኛው ስህተት ነው፤ ይሄኛው ግን ሰው ይጎዳል።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ለመኮሳተር 43 ጡንቻ፣ ለፈገግታ ግን 17 ብቻ ይበቃል።» ቁጥሩ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ፈገግታውም ኩርፊያውም ብዙ ዓይነት ስለሆነ እንዲህ በአንድ ቁጥር አይዘጋም።

«አራሱ ፈገግ አለልኝ፣ አወቀኝ!» ተኝቶ ፈገግ ሲል እናቶች መላእክት እያጫወቱት ነው ይላሉ። ደስ የሚል አባባል ነው፣ አልነካውም። ሰው አይቶ ፈገግ የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። ሦስት ወር አልፎትም ለሰው ፈገግ ካላለ ሐኪም ይየው።

«ዝም ብለህ ሳቅ፣ ጭንቀቱ ይጠፋል።» እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ አንድ ጥናት እስክሪብቶ በጥርሳቸው ይዘው (አያያዙ ፊትን እንደ ፈገግታ ያደርገዋል) ካርቱን ያዩ ሰዎች ካርቱኑ የበለጠ እንዳሳቃቸው አለ። በ2016 በ17 ላቦራቶሪዎች ሲደገም ያ ውጤት አልተገኘም። በ2022 ደግሞ በ19 አገሮች ወደ 3,900 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። ሆን ብሎ ፈገግ ማለት ስሜትን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል አለ። በጥቂቱ! የእስክሪብቶው ነገር ያኔም አልለየለትም። ስለዚህ ልቡ የተሰበረን ሰው «ፊትህን ፍታ» እያላችሁ አታድክሙት።

«ፈገግ የሚል ሰው የትም አገር ይታመናል።» በ2016 የታተመና 44 ባህሎችን ያነጻጸረ ጥናት ሌላ ነገር አገኘ። ሙስና በበዛበት አገር ሰዎች ፈገግ የሚለውን ሰው ብዙም አያምኑትም። እኛም እኮ «ጥርስ ባዳ ነው» እንላለን።

አሁን ወደ ዓይኑ ልምጣ።

ነገሩ የተጀመረው ዱሼን ከሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየነካካ ያየውን ጻፈ። የከንፈርን ጫፍ ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ለፈቃዳችን ይታዘዛል፤ በዓይን ዙሪያ ያለው ግን የሚታዘዘው ለእውነተኛ ደስታ ነው አለ። ዓይን የሚያጨማድደው ፈገግታ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሰዉ ከዚህ ተነስቶ «ዓይን ካልሳቀ ውሸት ነው» የሚል ሕግ አወጣ።

ሕጉ አይሠራም። በ2009 የወጣ ጥናት ሆን ብለው ፈገግ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ ዓይናቸውንም እንዳጨማደዱ አሳይቷል። በመስታወት ሞክሩት። ሰፋ አድርጋችሁ ስትስቁ ጉንጫችሁ ወደ ላይ ይገፋል፣ ዓይናችሁ ጠበብ ይላል። የሳቁ ስፋት ብቻውን ይህን ያደርጋል። ጠበብ ያለ ፈገግታ ደግሞ የልብ ሆኖም ዓይን ላይ ላይታይ ይችላል።

ሌላም አለ። በ1979 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቦውሊንግ (ኳስ አንከባሎ የቆሙ እንጨቶችን የመጣል ጨዋታ) የሚጫወቱ ሰዎችን ቆመው ተመለከቱ። ተጫዋቾቹ ጥሩ ወርውረውም ፊታቸው ወደ እንጨቶቹ እያለ ብዙም አልሳቁም። ፈገግታው የመጣው ወደ ጓደኞቻቸው ሲዞሩ ነው። ደስታው ቀድሞም ነበር፤ የሚያየው ሰው ሲገኝ ፊት ላይ ወጣ። ታዲያ ሰው ፊት መሳቅ የሚያሳፍረው ሰው ምን ይሁን?

አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ወንጂ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ኮዬ ፈጬ ከእህቷ ጋር የምትኖር፣ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር የነበረች። አለቃዋ «ደንበኛ ላይ ፊትሽን አትፈቺም፣ ስትስቂም የውሸት ነው» ብሎ ወደ መጋዘን አዛወራት። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሳጫውታት አየኋት። እጇ ከሳቋ ይቀድማል። ሳቋ ሳይመጣ የነጠላዋ ጫፍ አፏ ላይ ደርሷል። እጇ ሥራ ከያዘ ደግሞ የላይኛውን ከንፈሯን ወደ ታች ስባ ትይዘዋለች። ከንፈር እንዲህ ታስሮ ጉንጭ ከየት ይነሳል? ዓይንስ እንዴት ይስቃል?

«ዶክተር፣ ሰነፍ ሆኜ አይደለም» አለችኝ። «በቀን ሦስቴ እቦርሻለሁ። በከሰልም ሞክሬያለሁ።»

ጥርሷ ቡናማ ነው። «ጥርሱ የበለዘ ሰው አይፋቅም» የሚለው ሌላው የሚያናድደኝ ስህተት ነው። ወንጂን ጨምሮ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚህ በእጅጉ የሚያልፍ ጉድጓድ ሞልቷል። ልጅ ያንን ውሃ እየጠጣ ሲያድግ ቋሚ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ይበልዛል። እድፉ የጥርሱ አካል ስለሆነ ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም። የእናቶቻችን ድድ የተነቀሰው ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ነበር፤ ይቺ ልጅ ጥርሷን ስትደብቅ ነው ያደገችው።

እንዲህ ዓይነት ጥርስ ካላችሁ በከሰል፣ በአሸዋ፣ በሎሚ አትፈትጉት። የጥርሱን ልባስ ይበላዋል እንጂ አያነጣውም። ቀለል ያለውን እድፍ ሐኪም በስሱ ፍቆ ሊያነሳው ይችላል፤ የባሰው በጥርስ ቀለም ይሸፈናል። ትንሽ ልጅ ካላችሁና ውሃችሁ ከዚያ አካባቢ ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ ማፍላት አይጠቅምም። ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል። የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ወይም ከሌላ ምንጭ ማምጣት ይሻላል። አዋቂ ሆኖ ወደዚያ የሄደ ሰው ግን ጥርሱ አይበልዝም፣ በዚህ በኩል አይስጋ።

የልጅቷን የፊት ጥርሶች ሸፈንናቸው። በሦስተኛው ሳምንት ለማሳየት መጣች። አሁንም ስትስቅ እጇ ይነሳል፤ አገጯ ጋ ሲደርስ ትዝ ይላትና ታወርደዋለች።