መርፌ፣ ጄል ወይስ ኪኒን? ስለ ቴስቶስተሮን ሕክምና የሚባለውና እውነታው

«ይደክመኛል፣ ፍላጎቴም ጠፍቷል፤ ቴስቶስተሮን ልጀምር?» ወንዶች ስለዚህ ዋና የወንድ ሆርሞን ዛሬ ዛሬ እንዲህ መጠየቅ አብዝተዋል። ችግሩ፣ መልሱን ከሐኪም በፊት ጓደኛ ይሰጣል።

«ከደከመህ ሆርሞንህ ወርዷል።»
የግድ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ውፍረትና ድብርትም ያደክማሉ። ደሙ በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ ጠዋት ይመረመራል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር «ዝቅተኛ» የሚለው በዴሲሊትር ከ300 ናኖግራም በታች ሲሆን ነው። ምልክትም አብሮ መኖር አለበት።

«ቴስቶስተሮን ልጅ ያስወልዳል።»
እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። እውነታው ተቃራኒው ነው። አንጎል ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባለት «በቂ አለ» ብሎ ለወንድ ዘር ፍሬዎች ትእዛዝ መላኩን ይተዋል። የዘር ፈሳሹ ውስጥ ያለው የዘር ሴል ይመናመናል፤ ጭራሽ ሊጠፋም ይችላል። መርፌም ሆነ ጄል ይህን ያደርጋል። ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ልጅ የሚፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። እንደ ክሎሚፊን (ሰውነት ራሱ ሆርሞኑን እንዲያመርት የሚያነሳሳ ኪኒን) ያሉ ሌሎች አማራጮች አሉ። (ልጅ ሲዘገይ ሚስትን ብቻ ወደ ምርመራ መላክም ይቅርብን።)

«ጄል ጣጣ የለውም።»
መርፌ ለሚፈራ ግሩም ነው። ግን የተቀባውን ቆዳ የነካ ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል። ሕፃናት ላይ ያለዕድሜያቸው የጉርምስና ምልክት በመታየቱ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዟል። ትከሻው ላይ ልጅ የሚያስተኛ አባት ደግሞ ደጋግሞ ያስብበት። ከመረጠው እጁን ይታጠብ፣ የቀባውን በልብስ ይሸፍን።

«ኪኒኑ ጉበት ይጨርሳል።»
ይህ ሜቲልቴስቶስተሮን የተባለው የድሮው ኪኒን ያተረፈው መጥፎ ስም ነው። አዲሱ ኪኒን፣ ቴስቶስተሮን አንዴካኖኤት፣ በአብዛኛው በሊምፍ (ከደም ሥር ውጪ ባለ የሰውነት ፈሳሽ መስመር) በኩል ስለሚያልፍ ጉበትን ይዘላል። የደም ግፊት ግን ይጨምራል።

«መርፌ ከሁሉም ይበልጣል።»
በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋው ዋጋው ይቀላል። ሆኖም ሆርሞኑ ከተወጉ በኋላ ሽቅብ ይወጣል፣ ቀጣዩ ሲቃረብ ይወርዳል፤ ሙድም አብሮ። ለወራት የሚቆየው መርፌ ይህን መዋዠቅ ይቀንሳል።

«ልብ ያቆማል።»
ከ5,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበትና በ2023 የወጣው ትራቨርስ ጥናት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ በጄል ተጠቃሚዎች ላይ እንዳልበዛ አሳይቷል። የልብ ምት መዛባትና የሳንባ የደም መርጋት ግን ጨምረው ታይተዋል። መርፌ በዚያ ጥናት አልተፈተነም። ደምን በማወፈር ደግሞ የሚብሰው እሱ ነው። ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሴሎች በደም ውስጥ ያላቸው ድርሻ) ከ54 በመቶ ካለፈ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ያቆማል።